ዐብዱረሕማን አስ-ሱፊ፦ ከዋክብትን በዓይናቸው የመዘኑት ሊቅና የፀሐያችን ደረጃ



ሰዓት በእጃችን ከመግባቱ በፊትም ሰዓታችን ፀሐይ ነበረች። ከአናት ስታዘነብል ዙህር ይገባል፤ ጥላ ሲረዝም ዐስር ይደርሳል፤ ስትጠልቅ ለመግሪብ እንቆማለን። በሰማይ ላይ ለዓይናችን ከእርሷ በላይ የሚያበራ የለም። ታዲያ ይህች ፀሐይ ከሌሎች ከዋክብት ጋር ጎን ለጎን ብትቆም ስንተኛ ትሆናለች? ልጆቻችን ይህን ጥያቄ ከትምህርት ቤት ይዘውት ይመጣሉ። ብዙዎቻችን ከሩቅ አገር የመጣ፣ እኛን የማይመለከት ጥያቄ አድርገን እናልፈዋለን። ከአንድ ሺህ ዓመት በፊት ግን አንድ ሙስሊም ሊቅ ከዋክብትን በብርሃናቸው ሲመዝኑ ኖረዋል። ዛሬ የእኚህን ሰው ሕይወት እንተርካለን፤ በእርሳቸው መዝገብ ላይም የፀሐያችንን ቦታ እንፈልጋለን። ሂጅሪ ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሬይ እስከ አሚሩ ግቢ

አቡል ሑሰይን ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዑመር አስ-ሱፊ በ291 ሂጅሪ፣ ማለትም በ903፣ በሬይ ከተማ ተወለዱ። ሬይ የጥንት የፋርስ ከተማ ስትሆን ዛሬ በቴህራን ውስጥ ተጠቃልላለች። ዘመኑ በባግዳድ የዐባሲያ ኸሊፋዎች ሥልጣን የደከመበት፣ ቡወይሂዎች የተባሉ አሚሮች ደግሞ በፋርስና በኢራቅ እየገነኑ የሄዱበት ነበር። ሥልጣን ከእጅ ወደ እጅ ቢተላለፍም ዕውቀት አልተቋረጠም። አሚሮቹ በግቢያቸው ሊቃውንትን ለማሰባሰብ ይፎካከሩ ነበር።

ከእነዚህ አሚሮች ኃያሉ ዐዱድ አድ-ደውላ ነበሩ። አስ-ሱፊ በኢስፋሃንና በሺራዝ የሠሩት በእርሳቸው ድጋፍ ነው። አሚሩ በመምህራኖቻቸው ይኮሩ እንደነበር ታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል፤ በሰዋስው አቡ ዐሊ አል-ፋሪሲን፣ በፕላኔቶች ሰንጠረዥ ኢብኑል አዕለምን፣ በቋሚ ከዋክብት ደግሞ አስ-ሱፊን ይጠቅሱ ነበር። ቋሚ ከዋክብት የሚባሉት እንደ ፕላኔቶች ቦታ ሳይቀያይሩ ሁልጊዜ በአንድ ቅርጽ ተሰልፈው የሚታዩት ናቸው።

አስ-ሱፊን ያሳሰባቸው ነገር በዘመናቸው የነበረው የኮከብ ዕውቀት ሁኔታ ነበር። ስለ ከዋክብት የሚጽፉትን በሁለት ወገን ከፍለው አይተዋቸዋል። የመጀመሪያዎቹ የግሪኩን ሊቅ የበጥሊሞስን መጽሐፍ፣ ዐረቦች አል-መጅስጢ የሚሉትን፣ ተከትለው ከተሳለ ሉል ላይ የሚገለብጡ ናቸው። መጽሐፉን ያውቃሉ፤ ሌሊት ውጭ ወጥተው ኮከቡን በጣት ለማሳየት ግን ይቸገራሉ። ሁለተኞቹ የበረሃ ዐረቦች ለጉዞና ለወቅት መለያ የሚጠቀሙበትን ነባር ዕውቀት የሰበሰቡ ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ የላቀው የአቡ ሐኒፋ አድ-ዲነወሪ መጽሐፍ ነበር። እኚህ ሰው ከመዝሀቡ ኢማም ከአቡ ሐኒፋ የተለዩ፣ በዕፅዋትና በሰማይ ጥናት የታወቁ ሌላ ሊቅ መሆናቸውን ልብ ይሏል።

አስ-ሱፊ በ335 ሂጅሪ ወደ ዲነወር ከተማ ሄደው አድ-ዲነወሪ ሰማይን ይመለከቱበት የነበረውን ቤት ጎብኝተዋል። ለሰውየው ዕውቀት ክብር ነበራቸው። ሆኖም መጽሐፉን ሲመረምሩ ስለ ዐረቦች ወግ የሞላ መሆኑን፣ ጸሐፊው ግን ኮከቦቹን ራሳቸው አይተው የለዩ ስለመሆናቸው እንደሚጠራጠሩ ገለጹ። የሕይወታቸው ሥራ የተወለደው ከዚህ ጥርጣሬ ነው። ሁለቱን ዕውቀቶች፣ የመጽሐፉንና የበረሃውን፣ በአንድ ላይ አምጥተው ሁለቱንም በሰማዩ ፊት ለማቆም ወሰኑ።

ስድስቱ ደረጃዎች

የሥራቸው ፍሬ በ964 ገደማ የተጠናቀቀውና በአሚሩ ስም የቀረበው “ኪታብ ሱወር አል-ከዋኪብ አስ-ሳቢታ” ነው፤ የቋሚ ከዋክብት ሥዕሎች መጽሐፍ ማለት ነው። በውስጡ 48 የኮከብ ምድቦች አሉ። ለእያንዳንዱ ምድብ ሁለት ሥዕል ተሥሏል፤ አንዱ ከምድር ሆነን ቀና ስንል እንደምናየው፣ ሌላው በሉል ላይ ከውጭ ሲታይ እንደሚሆነው። ከሥዕሉ ጎን ማብራሪያ፣ ዐረቦች ለኮከቦቹ የሰጡት ስምና ሰንጠረዥ ይከተላል።

በሰንጠረዡ ውስጥ እያንዳንዱ ኮከብ ከአንደኛ እስከ ስድስተኛ ደረጃ ተሰጥቶታል። አንደኛው እጅግ ደማቅ፣ ስድስተኛው ዓይን በጭንቅ የሚለየው ነው። ደረጃዎቹ ከግሪኮች የተወረሱ ቢሆኑም አስ-ሱፊ የተጻፈውን ዝም ብለው አልተቀበሉም። ኮከብ በኮከብ እየተመለከቱ፣ አንዱን ከሌላው እያነጻጸሩ፣ ከደረጃው ከፍ ወይም ዝቅ ያለውንም እየለዩ አዲስ ምዘና ሰጡ። በጥሊሞስ የተሳሳቱበትን ተሳስተዋል ብለው ጻፉ። ተፈልጎ ያጡትን ኮከብ አጣሁት አሉ፤ በመዝገቡ ያልነበሩ ኮከቦችንም በማብራሪያቸው ጠቆሙ።

ታማኝነታቸው የሚለካው የራሳቸው ያልሆነውንም በግልጽ በመለየታቸው ነው። የከዋክብቱን አቀማመጥ በአብዛኛው ከበጥሊሞስ ወስደው፣ ሰማይ በዘመናት ውስጥ በዝግታ ስለሚንሸራተት በላዩ 12 ዲግሪ ከ42 ደቂቃ ጨመሩበት። ስሌቱ በ66 ዓመት አንድ ዲግሪ የሚል ነበር፤ የዛሬው ልክ በ72 ዓመት ገደማ አንድ ዲግሪ ነው። ብርሃኑን ግን ከማንም አልተዋሱም።

በዚህ ጥንቃቄ መሐል አንድ ትንሽ ነገር አስፍረዋል። በዛሬ ስሙ አንድሮሜዳ በሚባለው ምድብ አጠገብ እንደ ትንሽ ደመና የምትታይ ጭጋጋማ ነጥብ እንዳለች ጻፉ። ይህች ነጥብ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቃ የምትገኝ፣ በመቶ ቢሊዮኖች የሚቆጠሩ ከዋክብት ያሉባት ሌላ ጋላክሲ መሆኗ የታወቀው ከእርሳቸው በኋላ ወደ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። ባለ መነጽር ሊቃውንት ከመምጣታቸው በፊት ባዶ ዓይን ያየውን በትክክል መጻፍ ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

እርሳቸው ሊያውቁት ያልቻሉት

አስ-ሱፊ በኖሩበት ዘመን ሊቃውንት ቋሚ ከዋክብት ሁሉ በአንድ ግዙፍ ሉል ላይ፣ ከእኛ በእኩል ርቀት እንዳሉ ያምኑ ነበር። ርቀቱ እኩል ከሆነ ደማቁ ትልቅ፣ ደብዛዛው ትንሽ ነው። ፀሐይ ደግሞ ከዋክብት ውስጥ አትቆጠርም ነበር፤ ከተንቀሳቃሾቹ ጋር ነበር የምትመደበው።

ርቀትን ለመለካት የሰው ልጅ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ጠብቋል። ጀርመናዊው ፍሬድሪኽ ቤሰል በ1838 የመጀመሪያውን የኮከብ ርቀት አሳተመ። በማግስቱ በ1839 ስኮትላንዳዊው ቶማስ ሄንደርሰን በደቡብ አፍሪካው ኬፕ ሆኖ ባደረገው ልኬት፣ አልፋ ሴንታውሪ ለተባለው ኮከብ ርቀት አወጣ። ከዚያ ወዲህ ምዘናው ተገለበጠ። ከዋክብት እኩል አይርቁም፤ የአንዱ ድምቀት ከቅርበቱ፣ የሌላው ድምቀት ከግዝፈቱ ሊመጣ ይችላል። ቤት ውስጥ ከፊታችን ያለ ኩራዝ፣ ከጀማ ሸለቆ ማዶ ከሚነድ ትልቅ እሳት በላይ ለዓይናችን ያበራል። ኩራዙ ግን ከእሳቱ አይበልጥም።

መዝገቡን በመንዝ ሰማይ ላይ ስናነበው

የአስ-ሱፊን መዝገብ ለማንበብ ከአገራችን ደጋዎች የተሻለ ቦታ ማግኘት ያዳግታል። የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ከፍታዎች ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ይገኛሉ። የመንዝ ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በምሥራቅ በኩል ወደ ይፋት ቆላ ቁልቁል ይመለከታል። አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ የከተማ መብራትም ሩቅ ነው። አስ-ሱፊ በኢስፋሃን ሆነው ሱሀይል የተባለውን ደማቅ የደቡብ ኮከብ ሲመለከቱ፣ ከአድማስ 5 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ያዩት ነበር። ከመንዝ ግን ያው ኮከብ እስከ 27 ዲግሪ ከፍ ይላል። እርሳቸው በጠርዝ ያዩትን እኛ ከፊታችን እናየዋለን።

በኅዳር መጨረሻና በታኅሣሥ መጀመሪያ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ በዚያ ደጋ ላይ የቆመ ሰው አብዛኛውን ደማቅ የአስ-ሱፊ ኮከብ በአንድ ጊዜ ማየት ይችላል። በአናት አካባቢ ሦስት ኮከቦች ተርታ የገቡበት አል-ጀውዛእ አለ። ከአጠገቡ ቀላ ያለው አድ-ደበራን፣ በምሥራቅ ሺዕራ፣ በደቡብ ሱሀይል፣ በሰሜን ምዕራብ ደግሞ ያቺ ትንሽ ደመና። አሁን ፀሐይን ከእነዚህ ጋር እንመዝናት።

ሺዕራ በቁርኣን በሱረቱ አን-ነጅም ውስጥ በስሙ የተጠቀሰ ኮከብ ነው። በሌሊት ሰማይ ከሚታዩ ከዋክብት ሁሉ ደማቁ እርሱ ነው። 8.6 የብርሃን ዓመት ይርቃል፤ አንድ የብርሃን ዓመት ወደ 9.5 ትሪሊዮን ኪሎ ሜትር መሆኑን እናስታውስ። ሺዕራ የሚያወጣው ብርሃን ከፀሐይ 25 እጥፍ ገደማ ነው። ይሁንና ለዓይናችን ፀሐይ ከእርሱ ከ10 ቢሊዮን እጥፍ በላይ ታበራለች፤ ምክንያቱ ቅርበቷ ብቻ ነው። ፀሐይ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ነው የምትርቀን፤ ብርሃኗም በ8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ይደርሰናል። መግሪብን ስንጠብቅ የምናየው የመጨረሻ ጨረር ከፀሐይ የተነሣው ከስምንት ደቂቃ በፊት ነው። ከሺዕራ የሚመጣው ብርሃን ግን ከስምንት ዓመት በፊት የተነሣ ነው።

አድ-ደበራን 65 የብርሃን ዓመት ይርቃል፤ ስፋቱ ከፀሐይ ከ40 እጥፍ በላይ ነው። በአል-ጀውዛእ ትከሻ ላይ ያለው ቀይ ኮከብ፣ ዐረቦች የድ አል-ጀውዛእ፣ የጀውዛእ እጅ ያሉት፣ በብዙ መቶ እጥፍ ይሰፋል። በፀሐይ ቦታ ቢቀመጥ ምድርን ውጦ ከማርስ ምሕዋር ያልፋል። ስሙ ወደ ላቲን ሲገለበጥ የአንዲት ፊደል ነጥብ ተሳስታ ዛሬ ቤቴልጅዩዝ ይባላል። ሱሀይል ደግሞ 310 የብርሃን ዓመት ያህል ርቆ እንኳ በድምቀት ከሺዕራ ቀጥሎ ሁለተኛ ነው፤ የሚያወጣው ብርሃን ከፀሐይ ከ10,000 እጥፍ በላይ ስለሆነ ነው።

ምዘናውን አሁን እንገልብጠው። ፀሐያችንን ወስደን በአድ-ደበራን ቦታ ብናስቀምጣት ባዶ ዓይን አያያትም። ከእኛ 55 የብርሃን ዓመት ያህል ስትርቅ በአስ-ሱፊ ሰንጠረዥ በስድስተኛው ደረጃ፣ ከመጨረሻዎቹ ጋር ትመዘገባለች። ከዚያ ካለፈች ከመዝገቡ ትወጣለች። ቀኑን ሙሉ ከዋክብትን ሁሉ ከዓይናችን የምትሰውር ፀሐይ፣ ትንሽ ፈቀቅ ብትል ራሷ ትሰወራለች።

ፀሐይ ትንሽ ነች ማለት ነው?

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ፀሐያችን ተራና ደካማ ኮከብ ነች ብሎ ይደመድማል። ድምዳሜው ትክክል አይደለም። በዓይናችን የሚታዩት ከዋክብት የሚታዩት ግዙፎች ስለሆኑ ነው። በቁጥር ከአራት ከዋክብት ሦስት ያህሉ ቀይ ድንክ የሚባሉ ትንንሾች ሲሆኑ፣ አንዳቸውም ለባዶ ዓይን አይታዩም። ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ ቅርብ የሆነው ፕሮክሲማ ሴንታውሪ፣ በ4.2 የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ፣ ከእነዚህ አንዱ ነው። ስፋቱ የፀሐይ አንድ ሰባተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ፀሐያችን ከአብዛኞቹ ከዋክብት ትበልጣለች፤ በዓይን ከሚታዩት ከአብዛኞቹ ግን ታንሳለች።

መንትያዋም ሩቅ አይደለም። በሚያዝያና በግንቦት ምሽቶች በመንዝና በመርሐቤቴ ሰማይ ደቡብ ላይ ሄንደርሰን የለካው አልፋ ሴንታውሪ ይታያል። ለዓይን አንድ የሚመስለው ይህ ኮከብ ሁለት ነው፤ ትልቁ በስፋትም በሙቀትም ከፀሐይ ጋር እጅግ ይቀራረባል። ብርሃኑ ከፀሐይ በግማሽ ያህል ይበልጣል።

የአገራችን ስም የተጻፈበት ኮከብም አለ። በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለአገሮች ኮከብና ፕላኔት የመሰየም ዕድል በሰጠበት ጊዜ፣ ኢትዮጵያ የደረሳትን ኮከብ ቡና፣ በዙሪያው የሚዞረውን ፕላኔት ደግሞ አቦል ብላ ሰየመች። ቡና የሚገኘው በአንድሮሜዳ ምድብ፣ አስ-ሱፊ ትንሿን ደመና በመዘገቡበት የሰማይ ክፍል ነው። ዝርያው ከፀሐያችን ጋር የሚመሳሰል ሆኖ ክብደቱም ስፋቱም ይበልጣል፤ ብርሃኑ ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ግን ወደ 200 የብርሃን ዓመት ስለሚርቅ ከስድስተኛው ደረጃ ውጭ ነው፤ ያለ መነጽር አይታይም።

በመሐል መሆንም ጥቅም አለው። ግዙፎቹ ነዳጃቸውን ቶሎ ይጨርሳሉ፤ የድ አል-ጀውዛእን የመሰሉት ዕድሜያቸው በሚሊዮኖች ዓመት ይቆጠራል። ፀሐይ ግን 4.6 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ኖራለች፤ ገና ሌላ የዚያን ያህል ይቀራታል። የገጽ ሙቀቷ 5,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፤ ሺዕራ ወደ 10,000 ይጠጋል፣ የድ አል-ጀውዛእ ከ3,500 በታች ነው። በዚህ ልክ መቆየቷ ነው በምድር ላይ ዘር እንዲበቅልና ሰው ቆሞ እንዲሰግድ ጊዜ የሰጠው። ሱብሓነላህ!

የአስ-ሱፊ ፍጻሜና ውርስ

አስ-ሱፊ በመጽሐፉ አላበቁም። በሺራዝ የፀሐይን መንገድ ዝንባሌ ለክተዋል፤ ስለ አስትሮላብ አሠራርና አጠቃቀም ሰፊ ጽሑፍ አዘጋጅተዋል። ለዐዱድ አድ-ደውላም የሰማይን ሥዕል የያዘ የብር ሉል ሠርተዋል። ይህ ሉል ከሞታቸው ከግማሽ ምዕት ዓመት በኋላ፣ በ435 ሂጅሪ፣ በካይሮ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እንደነበረና 3,000 ዲርሃም እንደሚመዝን ያዩት መስክረዋል። አሚሩ በ983 ሞቱ። ሊቁም በ986፣ በ376 ሂጅሪ፣ በ82 ዓመታቸው ወደ አኺራ ሄዱ። አላህ ይዘንላቸው።

ብሩ ጠፋ፤ መጽሐፉ ቀረ። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ገዥና ሊቅ የነበሩት ኡሉግ ቤግ በሰመርቀንድ አዲስ የኮከብ መዝገብ ሲያዘጋጁ፣ ወደ ደቡብ ርቀው ከከተማቸው የማይታዩትን 27 ከዋክብት ከአስ-ሱፊ ወሰዱ። አውሮፓውያን አዞፊ ብለው ጠሯቸው፤ በጨረቃ ላይ ያለ አንድ ጉድጓድም በዚህ ስም ይጠራል። ዛሬ መላው ዓለም የሚጠቀምባቸው እንደ አልደበራን፣ ሪጅል፣ አልታይር ያሉ ስሞች ከዐረብኛ የተወረሱ ናቸው።

እነዚህን ስሞች እየቆጠርን የኛ ነበሩ ብሎ መኩራት ቀላል ነው። ግን አስ-ሱፊ የነቀፏቸው እነማን ነበሩ? ሰማዩን ሳያዩ ከቀደመው ሰው የሚገለብጡት ነበሩ። የእርሳቸውን ስም እየደጋገምን ልጆቻችን ሺዕራን በጣት ማሳየት ካልቻሉ፣ ከተነቀፉት ወገን ነን። በ2015 በእንጦጦ ተራራ ላይ ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ያሉት የጥናት ማዕከል ተከፍቷል፤ ከወጣቶቻችን መካከል በዚያ የሚሠሩ ቢበዙ እንወዳለን። ለጅማሬው ግን ቴሌስኮፕ አያስፈልግም። አስ-ሱፊም አልነበራቸውም።

መስከረም ጠብቶ ደመናው ሲገለጥ፣ በደጋ የምትኖሩ ከዒሻእ ሰላት በኋላ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ ብርዱ ከባድ ነውና ባና ደርቡላቸው። በከተማ ያላችሁም ወደ ገጠር ዘመድ ጥየቃ ስትሄዱ አንድ ሌሊት ለሰማይ ስጡ። ደማቁን ኮከብ አሳይታችሁ ቅርብ ስለሆነ ነው ወይስ ትልቅ ስለሆነ ብላችሁ ጠይቋቸው። ፀሐይ ራሷ ኮከብ መሆኗን፣ ከሩቅ ብትታይ ከደብዛዛዎቹ አንዷ እንደምትሆን ንገሯቸው። ሰውንም ነገርንም ከቅርበቱና ከሩቀቱ ለይቶ መመዘን የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ወላሁ አዕለም።